ከጋራ ጓሮ እንዴት እንቀንጥስ?

በደብራችን ግቢ ጀርባ ያለማነው የጋራ ጓሮ ባለፈው ክረምት አንድ ትምህርት ሰጥቶናልና እናካፍላችሁ።

በግንቦት መጨረሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቃሪያ ስንተክል «የደከመ ሁሉ በእጁ ይቀንጥስ» ተባብለን ነበር። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል እኛ ወጣቶች በአንድ ጠዋት ገብተን ያገኘነውን ሁሉ ቀነጠስን። በማግስቱ፣ በኩትኳቶው ከሁላችንም ይበልጥ የደከሙ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው ሲመጡ የጠበቃቸው ባዶ አገዳ ነበር። «ይሁን ልጆቼ» ብለው ተመለሱ። እኛም ቀና ብለን ልናያቸው አልቻልንም።

በኋላ ተሰብስበን ነገሩን ስንመረምር ጥፋቱ በአወሳሰዳችን ላይ መሆኑን ተረዳን።

ጎመንና ቆስጣ አዲስ ቅጠል የሚያወጡት ከመካከላቸው ነው። ስለዚህ ከሥር ያሉትን የዳር ቅጠሎች ቀንጥሰን መካከሉን ከተውነው ተክሉ በቀሩት ቅጠሎች ምግቡን እያዘጋጀ ማደጉን ይቀጥላል። ከአንድ እግር ሁለት ሦስት ቅጠል ወስዶ ወደሚቀጥለው መሻገር ይገባል። ጫፉ የተቆረጠ ጎመን ግን እስኪያቆጠቁጥ ብዙ ቀን ይፈጃል። ቃሪያን ጎትቶ መንጨት ቅርንጫፉን ይገነጥላል፤ ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ደግፎ ፍሬውን በቢላዋ መቁረጥ ይሻላል። በየጊዜው የሚለቀም ቃሪያ እንደገና ያብባል። ካሮት ግን አንዴ ከተነቀለ አበቃ፤ በቦታው ሌላ ዘር መዝራት ያስፈልጋል። ሰዓቱም ማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ፀሐይ ሳያገኘው የተቀነጠሰ ቅጠል ቶሎ አይጠወልግም።

ይህን የጋራ አሠራር የጀመርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካ በኒው ሃምፕሻየር በ1986 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቴምፕል ዊልተን የማኅበር እርሻ አባላት የዓመቱን ወጪ እንደየአቅማቸው ቃል ገብተው ይሸፍናሉ፤ ከምርቱም የሚያስፈልጋቸውን ይወስዳሉ። እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚጸናው እያንዳንዱ አባል «ለቤቴ የሚበቃው ስንት ነው?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ነው። አለዚያ ቀድሞ የነቃ ይጠግባል፤ ዘግይቶ የመጣ ጦሙን ያድራል።

አሁን በመካከላችን ሦስት ነገር ወስነናል። ከየመደቡ ሲሶው ለዘገየ ሰው ሳይነካ ይቆያል። መካከለኛውን ቀንበጥ ማንም አይቆርጥም። ለታመሙና ለሸመገሉ አባሎች ደግሞ እኛ ቀንጥሰን ቤታቸው እናደርሳለን።

ጎመኑ ዳግም ሲያቆጠቁጥ የመጀመሪያውን እስር ለእኒያ እናት ይዘን ሄድን። በደስታ ተቀበሉን፤ ጾሙ ግን አልፎ ነበር።

እንግዲህ ዘንቢል ይዘን ወደ ጓሮው ስንገባ ከኋላችን የሚመጣ ሰው እንዳለ እናስብ።