ሯጭ ሞልቶ አሎሎ ወርዋሪ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ታዳጊዎችን የሚያሰለጥኑ አንድ አንባቢ፣ «ለሩጫ የሚመጣው ልጅ ብዙ ነው፤ ለውርወራ ግን ጉልበተኛ ልጅ አላገኝም። ለምን ይሆን?» ይላሉ።

መልስ፦ ልጁ አልጠፋም፤ ፈላጊው ነው የጠፋው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሸነፈ ወዲህ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የሩጫ ናቸው። ታዲያ ታዳጊው ማንን አይቶ አሎሎ ያንሳ?

ወደ 2,800 ሜትር የሚጠጋው የደብረ ብርሃን ከፍታ የረጅም ርቀት ሯጭን ያጠነክራል። የወርዋሪ ጥረት ግን በሰከንዶች ያልቃል፤ የሚሻው ድንገት የሚፈነዳ ጉልበት፣ የክብደት ሥራና በቂ ምግብ ነው። የወንዶች አሎሎ 7.26 ኪሎ ይመዝናል፤ አንገት ሥር ተሸጉጦ፣ ዲያሜትሩ 2.135 ሜትር በሆነች ክብ ውስጥ በመንሸራተት ወይም በመሽከርከር ይለቀቃል። ይህን ማጥራት ዓመታት ይፈጃል።

ከሁሉም የሚከፋው ምልመላው ነው። በሩጫ ሰዓት ብቻ የሚመርጥ አሰልጣኝ ግዙፉን ልጅ ገና በመጀመሪያው ዙር ያሰናብተዋል።

ጠያቂው እስከ አንኮበር ድረስ ትምህርት ቤቶችን ይዙሩ። ሰዓት መያዣውን ትተው ልጆቹን ከቆሙበት ያዘልሏቸው፣ ከባድ ኳስ በራሳቸው ላይ ወደ ኋላ ያስወርውሯቸው። ራቅ አድርጎ የወረወረውን ልጅ በቀላል አሎሎ ያስጀምሩት፤ ወላጆቹንም ያነጋግሩ።