ተመርቆ መማር፦ የማኅበራዊ ሠራተኛ ቀጣይ ሙያዊ ትምህርትና ሥነ ምግባር ከገሰራ አንጻር

መግቢያ

በአገራችን «የተማረ ይግደለኝ» የሚባል አባባል አለ። ሰው ይህን ሲል በተማረ ሰው ላይ ያለውን እምነት መግለጹ ነው። ይሁን እንጂ እምነቱ አንድ ጥያቄ ያስከትላል። የተማረው መቼ ነው? ከሃያ ዓመት በፊት ተመርቆ ደብተሩን የዘጋውም «የተማረ» ይባላል፤ ትናንት ያነበበውን ዛሬ ከባልደረባው ጋር የሚያመሳክረውም «የተማረ» ይባላል። በማኅበራዊ ሥራ ሙያ የሁለቱን ልዩነት ዋጋ የሚከፍለው ባለሙያው ሳይሆን ባለጉዳዩ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ሐሳብ አንድ ነው። ቀጣይ ሙያዊ ትምህርት ለማኅበራዊ ሠራተኛ የእድገት መሰላል ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ግዴታ ነው። ግዴታው በዋናነት የሚፈጸመውም በሰርተፊኬት ብዛት ሳይሆን፣ በእጅ ባለ ጉዳይ ላይ ከሌላ ባለሙያ ጋር በየጊዜው በመመካከር ነው። ለማሳያነት የወሰድኩት ለመስክ ልምምድ የቆየሁባትን፣ በባሌ ደጋ የምትገኘውን ገሰራን ነው።

1. ቀጣይ ሙያዊ ትምህርት ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን «ቀጣይ ትምህርት» ሲባል ማስትሬት መማር ይመስለናል። ከዲግሪ ወደ ዲግሪ መሸጋገር አንዱ መንገድ ቢሆንም ጽንሰ ሐሳቡ ከዚያ ይሰፋል። አንድ ባለሙያ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ እስኪያቆም ድረስ እውቀቱን፣ ክህሎቱንና አመለካከቱን ለማደስ የሚያደርገው ማንኛውም የታቀደ ጥረት ቀጣይ ሙያዊ ትምህርት ነው። አዲስ አዋጅ ማንበብ፣ በሱፐርቪዥን ሥር መሥራት፣ የኬዝ ውይይት ማካሄድ፣ የራስን ሥራ ጽፎ መገምገም ሁሉ በዚህ ውስጥ ይካተታል።

ዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ሠራተኞች ፌዴሬሽንና ዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሻሻሉት የሥነ ምግባር መርሆዎች መግለጫ ዘጠኝ መርሆዎች አሉት። ከእነዚህ መካከል ስለ ሙያዊ ታማኝነት የሚናገረው፣ ባለሙያው ለሥራው የሚያስፈልገውን ክህሎትና ብቃት ማዳበርና ጠብቆ ማቆየት እንዳለበት ያስቀምጣል። ይህ ነጥብ የተጻፈው ስለ ሰብአዊ ክብርና ስለ ምስጢር ጠባቂነት በሚናገረው በዚያው ሰነድ ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ አለመማር ስንፍና ብቻ ተብሎ አይታለፍም፤ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው።

2. የሙያው ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በአገራችን የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቺካጎው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በማስትሬት ደረጃ መልሶ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ በ2006 ደግሞ የዶክትሬት ትምህርት ተጀመረ። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ።

በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ምን ሆነ ቢባል፣ የ1977ቱ ረሃብ፣ ሰፈራው፣ ጦርነቱ፣ ስደቱ፣ በኋላም ኤች አይ ቪ ኤድስና ወላጅ አልባ ሕፃናት መጡ። ማኅበራዊ ሠራተኛ እጅግ በሚያስፈልግበት ዘመን ማኅበራዊ ሠራተኛ የሚያፈራው ትምህርት ቤት ዝግ ነበር ማለት ነው። ቀደም ብለው የተመረቁት አዲሱን ችግር በአሮጌው እውቀት መጋፈጥ ነበረባቸው። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ የትምህርት ቤት በር ቢዘጋም የባለጉዳዩ በር እንደማይዘጋ ነው።

ዛሬ በጤናው ዘርፍ ባለሙያው የሥራ ፈቃዱን ሲያሳድስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መውሰዱን ማሳየት ይጠበቅበታል። በእኛ ሙያ ግን እንዲህ ያለው የፈቃድና የእድሳት ሥርዓት ገና ሥር አልሰደደም። አስገዳጅ ከሌለ ደግሞ የሚያስገድደው ኅሊና ብቻ ነው።

3. ሕጉ ሲለወጥ ባለሙያው የት ነው?

አንድ ቀላል ምሳሌ እንመልከት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ ለጋብቻ የምትበቃው በ15 ዓመቷ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገው፤ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም 18ን ተቀብሏል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን በግልጽ ወንጀል አድርጎታል፤ ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እንግዲህ በድሮው ሕግ የተማረና ከዚያ በኋላ ምንም ያላነበበ ባለሙያ፣ የ15 ዓመት ልጅ ጋብቻን «ሕጋዊ ነው» ብሎ ሊያልፈው ነው።

ሌላም አለ። በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ ልጅን ለውጭ አገር ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት ቀርቷል። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም በ1989ኙ የማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ ከለመድነው አሠራር ሰፋ ብሏል። ቃላቱ እንኳ ተለውጠዋል፤ ትናንት «አካለ ስንኩል» ይባል የነበረው ዛሬ «አካል ጉዳተኛ» ነው። ቃል ቀላል ነገር አይደለም። ባለጉዳዩ በር ላይ እንደቆመ የሚሰማው የመጀመሪያው ነገር ቃል ነውና።

4. መርሁ ገሰራ ላይ ሲፈተን

ሕግ ተነቦ ሊታወቅ ይችላል። አስቸጋሪው መርሆዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። ቀጥሎ ያለው ታሪክ የማንም ሰው ታሪክ አይደለም፤ በመስክ ካየኋቸው ሁኔታዎች ተነሥቼ ለመማሪያ ያቀናበርኩት ነው። በትንሽ አካባቢ የእውነተኛ ባለጉዳይን ታሪክ ስም ቀይሮ መጻፍ ብቻ በቂ ስላልሆነ ነው እንዲህ ያደረግሁት። ገሰራ ላይ «የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ አባቷ ወፍጮ ያለው» ካልኩ ስሟን መጥራቴ ነው።

አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ መጥታ «እቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ትላለች። የቦና ሰብል ሲገባ ሊድሯት ሽማግሌ ተቀብለዋል። ልጅቱ መማር ትፈልጋለች፤ ግን አባቷ እንዲታሰር አትፈልግም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ የማኅበራዊ ሠራተኛዋ አጎት ናቸው። ምን ይደረግ?

ክፍል ውስጥ ቢሆን መልሱ አንድ መስመር ነው፤ «የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል» ብለን ነጥባችንን እናገኛለን። ሜዳ ላይ ግን ቢያንስ አራት ነገሮች ይጋጫሉ።

አንደኛ፣ ምስጢር። በአፋን ኦሮሞ «ኢጪቲ» ይሉታል። በአካባቢው ምስጢር ማውጣት ሰውን ያዋርዳል፤ በአማርኛውም «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ነው። ሕጉም በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስጠይቃል። በሌላ በኩል አንቀጽ 443 በሕግ ወይም በሙያው ደንብ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ሰው ዝም ቢል ይጠይቀዋል። ስለዚህ ባለሙያዋ ከመጀመሪያው «እሺ፣ ለማንም አልናገርም» ማለት የለባትም። ማለት ያለባት «የምትነግሪኝን እጠብቃለሁ፤ አንቺን የሚጎዳ ነገር ካለ ግን ሊረዳሽ ለሚችል ሰው መንገር ይኖርብኛል፤ ያንንም አስቀድሜ ላንቺ እነግርሻለሁ» ነው። ይህ አነጋገር ቀላል ይመስላል። ሳይለማመዱት ግን ከአፍ አይወጣም።

ሁለተኛ፣ የልጅቱ ፈቃድ። አባቷ እንዳይታሰር መፈለጓ ሊሰማ ይገባል። ሁሉን ነገር እሷ ትወስን ማለት ግን አይደለም፤ የ15 ዓመት ልጅ ሸክሙን ሁሉ ልትሸከም አትችልም። ማንን እንደምታምን መጠየቅ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ማሳወቅ፣ ከወላጆቿ ጋር በማን በኩል መነጋገር እንደሚሻል ከእሷ ጋር ማሰብ ይቻላል። አክስቷ ልትሆን ትችላለች፤ መምህሯ ልትሆን ትችላለች። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴቶች ክብራቸውን የሚያስጠብቁበት የሲንቄ ሥርዓት አለ፤ አንዳንዴ ፖሊስ የማይደርስበት ቤት የሲንቄ እናቶች ቃል ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ዝምድና። የውጭ መጻሕፍት ባለሙያው ከባለጉዳዩ ጋር ከሙያ ውጭ ግንኙነት እንዳይኖረው ይመክራሉ። ገሰራ ላይ ይህ እንዴት ይሆናል? በአንድ ዕድር ትቀበራላችሁ፣ ከአንድ ሱቅ ትገዛላችሁ፣ ሠርግ ትጠራላችሁ። ግንኙነቱን ማጥፋት አይቻልም፤ በግልጽ መያዝ ግን ይቻላል። ባለሙያዋ የአጎቷን ነገር ለልጅቱም ለኃላፊዋም መንገር፣ ካስፈለገም ጉዳዩን ለሌላ ባልደረባ ማስተላለፍ አለባት። ስጦታም እንዲሁ ነው። አንዲት እናት በቅቤ የታሸ ጭኮ ይዛ ብትመጣ «ሕጋችን አይፈቅድም» ብሎ መመለስ ስድብ ነው። ከቢሮ ሰው ሁሉ ጋር ቀምሶ ማመስገን አንድ ነገር ነው፤ ኩንታል ስንዴ ቤት ድረስ ማስገባት ሌላ ነገር ነው። መስመሩ የት እንዳለ የሚለየው ግን በመነጋገር ነው።

አራተኛ፣ ከዚያ በኋላ ያለው። ጋብቻው ቢቆም ልጅቱ የምትመለሰው እዚያው ቤት ነው። ደብተር ማን ይገዛላታል? ቢያኮርፏትስ? ሽማግሌው ተመልሶ በሚቀጥለው ሰብል ቢመጣስ? ጋብቻውን ማስቆም በሪፖርት ላይ «1 ጋብቻ ተቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። የልጅቱ ሕይወት ግን ከሪፖርቱ በኋላ ይቀጥላል።

አንድ ሰው ብቻውን እነዚህን አራቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊመዝን አይችልም። ለዚህ ነው ሥነ ምግባር በአንድ ሴሚስተር ኮርስ አያልቅም የምለው።

5. ሥልጠና ሲባል

በእውነቱ ሥልጠና የለም ማለት አይቻልም። ወርክሾፕ ይጠራል፤ ባለሙያው ወደ ሮቤ ወይም ወደ አዳማ ይሄዳል፤ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ውሎ አበሉን ፈርሞ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይመለሳል። ሰው አበል ለምን ወሰደ አልልም፤ ደመወዙ ይታወቃል። ችግሩ ሦስት ነው። ሞጁሉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራው ደግሞ በአፋን ኦሮሞ። የሚሠለጥነው አንድ ሰው ነው፤ ሲመለስ ለባልደረቦቹ የሚያካፍልበት ጊዜ አይመደብለትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥልጠናው የሚጀምረው ከአሠልጣኙ ስላይድ እንጂ ከሠልጣኙ ፋይል አይደለም።

በቅርብ ጊዜ የመጣ ፈተናም አለ። እርዳታ ሲታደል የሕፃናቱን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ መለጠፍ የተለመደ ሆኗል። ሳሙናና ደብተር የተቀበለች ልጅ ፊቷ ለዓመታት እዚያው ይቀራል። ከላይ የጠቀስኩት የ2018 መግለጫ ስለ ቴክኖሎጂና ማኅበራዊ ሚዲያ ሥነ ምግባራዊ አጠቃቀም ራሱን የቻለ መርህ አለው። ከዚያ በፊት የተመረቀ ሰው ይህን በክፍል አልተማረም፤ ከሥራ ላይ ካልተማረው ከየትም አያገኘውም።

6. ምን ይደረግ?

ብዙ በጀት የማይጠይቁ አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

ሀ) በወር አንድ ጊዜ የሁለት ሰዓት የኬዝ ውይይት ይኑር። የገሰራው፣ የሮቤውና የጎባው ባለሙያ በተራ አንድ አንድ ጉዳይ ስም ሳይጠሩ ያቅርቡ። ቀኑ ሲመረጥ የጋናና የቦና የአጨዳ ወራት ይታሰቡ፤ ኮምባይነር ማሳ ላይ እያለ ስብሰባ መጥራት ወንበር መሰብሰብ ነው።

ለ) ሮቤ ያለው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል በቅርብ ስላሉ፣ ከሕግ፣ ከሥነ ልቦናና ከጤና ባለሙያ በተራ እየጋበዙ መወያየት ይቻላል።

ሐ) እያንዳንዱ ባለሙያ አንድ ደብተር ይያዝ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ምን ወሰንኩ፣ ለምን ወሰንኩ፣ ማንን አማከርኩ የሚሉትን ይመልስ። ደብተሩ ግን የባለጉዳይ ስም አይግባበት፤ ቁልፍ ያለው መሳቢያም ይኑረው።

መ) ትምህርት ክፍላችን ዋና ዋናዎቹን የሥነ ምግባር ቃላት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚያስቀምጥ አጭር መድበል ቢያዘጋጅ፣ ለመስክ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ይጠቀምበታል። እኔ ራሴ በልምምዴ ወቅት ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት በእንግሊዝኛ የማውቀውን መርህ በባለጉዳዩ ቋንቋ እንዴት ልበለው እያልኩ ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ ሕግ ይለወጣል፣ ፖሊሲ ይለወጣል፣ ቃል ይለወጣል፣ አዲስ ፈተናም ይመጣል። መርሆዎቹ ባይለወጡም የሚጋጩበት መንገድ በየቦታው የተለየ ነው። ስለሆነም ማኅበራዊ ሠራተኛ ተምሮ የሚጨርሰው ሙያ የለውም። ትምህርቱ ደግሞ ሩቅ ቦታ ሄዶ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ባለው ፋይልና በአጠገቡ ባለው ባልደረባ ይጀምራል። እኛ የዚህ ክፍል ተማሪዎች ከመመረቃችን በፊት የኬዝ ውይይቱን እዚሁ ግቢ ውስጥ ብንጀምረው፣ ወደ ወረዳ ስንወጣ ልማዱን ይዘን እንወጣለን። በዚህ ላይ መምህራንም ተማሪዎችም አስተያየታችሁን በሚቀጥለው እትም ብታካፍሉን ደስ ይለኛል።