ዋልያስ ባንድና አቶ አምሃ እሸቴ፤ የማኔጀር ሥራ በምን ይመዘናል?

ባለፈው ሴሚስተር በመኝታ ክፍላችን የተነሣ አንድ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም ነበር። መነሻው ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን የሚጫወተው ዜማ ነው። አንዱ ወዳጃችን ዜማውን እየሰማ፣ «ይህን የመሰለ ባንድ አሜሪካ ወስዶ፣ ግማሹ በዚያው ሲቀር ዝም ብሎ ያየ ሰው ምኑ ማኔጀር ነው?» አለ። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ያ ሰው ባይኖርማ ዛሬ የምታደንቀው የዚያ ዘመን ሸክላ ግማሹ አይኖርም ነበር» ሲል መለሰለት። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አቶ አምሃ እሸቴ ነበር። ነገር ግን አንዱ የ1981ን፣ ሌላው የ1969ን ነገር ያነሣ ስለ ነበር ሊግባቡ አልቻሉም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እኔም ነገሩን በየፈርጁ ለይቼ ለአንባቢ ላቀርበው አሰብኩ።

ጉዳዩ ለጎንደር ተማሪ ባዕድ አይደለም። ዋልያ የኛው የስሜን ተራራ እንስሳ ነው፤ ባንዱም ስሙን ያገኘው ከርሱ ነው። በገደል አፋፍ ለሚኖር እንስሳ ስም መታጨታቸው፣ ኋላ የደረሰባቸውን ሳስብ፣ ያስገርመኛል።

በመጀመሪያ፣ ማኔጀር የሚባለው ሰው ለምን አስፈለገ? እዚህ ከተማችን አዝማሪ ቤት የገባ ሰው መልሱን ከፊሉን ያውቀዋል። አዝማሪው መሰንቆው የራሱ ነው፤ ድምፁም የራሱ ነው፤ ሽልማቱን ግንባሩ ላይ ይለጥፉለታል፤ ሒሳቡ እዚያው ይዘጋል። በርሱና በአድማጩ መካከል ሌላ ሰው የለም። ድምፅ በሸክላ ተቀርጾ ከባለቤቱ ሲለይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ዘፋኙ ተኝቶ ሳለ ድምፁ በሌላ ከተማ ይሸጣል። ያን ጊዜ ሸክላውን የሚያሳትም፣ ውል የሚዋዋል፣ መንገድ የሚያበጅ ሰው ግድ ይሆናል። የዚያን ሰው ሥራ መመዘን አስቸጋሪ የሚሆነውም ብዙው ነገር ዘፋኙ በማያይበት ቦታ የሚፈጸም ስለ ሆነ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የታላላቆቹ ዘፋኞች ማኔጀር መንግሥት ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ነበሩ። ሸክላ የማሳተም መብት ደግሞ በዐዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምሃ በዚያን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣት ነው። ደንበኛው ምን እንደሚወድ ከመደብሩ ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ ያይ ነበር። ዐዋጁ እያለ፣ በሕግ ሊያስጠይቀው እንደሚችልም እያወቀ፣ በ1969 «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ፤ የመጀመሪያውንም ሸክላ በዓለማየሁ እሸቴ ጀመረ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» የተባለው የ1974 ሥራ ከነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንመካበት ድምፅ ሰፊው ክፍል በዚህ አንድ ወጣት ድፍረት የተቀመጠ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ማውጣት ሲጀምር ብዙ የቀዳው ከአምሃ ሸክላዎች ነው።

ሁለተኛው ወዳጃችን እዚህ ላይ ቢያቆም ያሸንፍ ነበር። ነገር ግን ይህ የአሳታሚ ሥራ እንጂ የማኔጀር ሥራ አይደለም። አሳታሚ የሚመዘነው ባወጣው ሥራ ነው፤ ማኔጀር የሚመዘነው ሰዎቹን ባደረሰበት ቦታ ነው።

ወደ ዋልያስ እንመለስ። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ተማረ ሐረጉ በድራም የታወቁበት ይህ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ዐሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተጫውቷል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ መሣሪያቸውን ራሳቸው መግዛታቸው ነው። በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ መሣሪያው የናይት ክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ሙዚቀኛው ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ዕለት ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያሶች ግን ዕቃቸውን ጭነው ወደ ወደዱበት መሄድ ይችሉ ነበር። በ1977 ሙላቱ አስታጥቄ የተሳተፈበትን «ቼ በለው»ን አወጡ፤ የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚህ ሸክላ ላይ ነው። ይህም የሆነው በቀይ ሽብር ዘመን፣ ሰዓት እላፊ ከተማውን በዘጋበት ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል። በናይት ክለብ ያመሸ ሰው እስኪነጋ በሩ ይዘጋበት ነበርና ሙዚቀኛውም አብሮ ያነጋል። እንግዲህ ይህ ባንድ በአገሩ ሳለ ማኔጀሩ ራሱ ነበር፤ መጥፎ ማኔጀርም አልነበረም።

አቶ አምሃ ግን ደርግ ከመጣ በኋላ ተሰዶ በዋሽንግተን ምግብ ቤትና ናይት ክለብ ይሠራ ነበር። በ1981 ዋልያስ ከነማሕሙድ አሕመድና ጌታቸው ካሣ ጋር አሜሪካን እንዲዞሩ ያደረገው እርሱ ነው። ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ማግኘት ብቻውን ትልቅ ጉዳይ በነበረበት ዘመን አንድ ሙሉ ባንድ ማስወጣት ቀላል አልነበረም። ጉዞው ግን የታሰበውን ያህል አልሰፋም፤ አዳራሹን የሞላው በብዛት የኢትዮጵያ ስደተኛ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ በየነ አሜሪካ ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። የቀሩት «ዙላ» የተባለ ባንድ አቋቋሙ፤ እርሱም አልዘለቀም። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ደንበኛ እስኪመጣ በሚጠብቅበት ጊዜ ኪቦርዱን ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

በዚህ ታሪክ ላይ ለመፍረድ አንድ ማወዳደሪያ ላምጣ። የእንግሊዞቹ ቢትልስ ማኔጀር ብራያን ኤፕስታይን ከገቢያቸው 25 ከመቶ ይወስድ ነበር። ሸክላ ሻጭ ነበር፤ በዚህ ከአቶ አምሃ ጋር ይመሳሰላል። በየአሳታሚው ደጅ ተመላልሶ፣ ተባርሮ፣ በመጨረሻ ውል አገኘላቸው። ነገር ግን በስማቸውና በመልካቸው ዕቃ የመሸጥን መብት ሲያዋውል 90 ከመቶውን ለነጋዴዎቹ ትቶ ለባንዱ 10 ብቻ አስቀረ። ያን ጊዜ የባንድ ስም በሻይ ስኒና በሹራብ ላይ ታትሞ ስንት እንደሚያወጣ የገመተ ሰው ብዙ ስላልነበረ እኔ ሙሉ ጥፋተኛ አልለውም፤ ጠበቃ ግን ነበረው፤ መጠየቅ ይችል ነበር። በ1967 ሲሞት ባንዱ ሌላ የሚስማማበት ሰው አጣ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላም ተበተነ። እንግዲህ በኤፕስታይን ላይ የሚቀርበው ክስ የውል ክስ ነው። ሰዎቹን የሚያይ፣ ወረቀቱን የማያይ ሰው ነበር።

በአቶ አምሃ ላይ ወዳጄ ያቀረበው ክስ ግን የውል ክስ አይደለም፤ የመበተን ክስ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። አንደኛ፣ ሰዎቹ የቀሩት ማኔጀሩ ስላሰናከላቸው ነው ወይስ የሚመለሱበት አገር ስላስፈራቸው? በ1981 ወደ አዲስ አበባ መመለስ ማለት ወደ ሰዓት እላፊውና ወደ ሳንሱሩ መመለስ ነው። ያንን ውሳኔ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ወሰነ፤ ማኔጀር ሰውን በአውሮፕላን አስሮ አይመልስም። ሁለተኛ፣ ጉዞውን ያዘጋጀው ሰው ከስደተኛው ውጪ ያለውን አሜሪካዊ አድማጭ ለመድረስ በቂ መንገድ አበጀ ወይ? እዚህ ላይ ክሱ ይከብዳል። በፈረንጅ አገር የሚሸጥ ሸክላ ሳይቀድም ባንድ ማስቀደም ዘር ሳይዘሩ አዝመራ መጠበቅ ነው። «ቼ በለው» በውጭ አገር እንደገና የታተመው በ2014 ነው፤ ከጉዞው 33 ዓመት በኋላ! የኃይሉ መርጊያም የ1985 ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለም ያወቀው በ2013 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ። ሙዚቃው በ1981 ያነሰው ነገር አልነበረም ማለት ነው፤ ያጣው መንገድ ነበር።

ስለዚህ የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። አቶ አምሃ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የዋለው ውለታ ከማንም አያንስም፤ በ2021 ሲያርፍም ብዙዎች ያዘኑለት በዚሁ ነው። ለዋልያስ በተለይ ያደረገው ግን በር መክፈት ነበር፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ጎዳና አልጠረገላቸውም፣ መጥረጊያውም በእጁ አልነበረም። ለሸክላዎቹ ከፍ ያለ፣ ለጉዞው መካከለኛ ማርክ እሰጠዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410 ዘፋኙንም፣ ተጫዋቹንም፣ አሳታሚውንም ባለመብት አድርጓል። በግቢያችን በምረቃ ሰሞን የሚጫወቱ ልጆች ግን ዛሬም ያለ አንዲት መስመር ወረቀት ነው የሚስማሙት። አምና ከነሱ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ተጫውቶ ያገኘው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ እንደ ሆነ ነግሮኛል፤ የተቀረጸው ድምፅ ግን በየስልኩ ይዞራል። ኦርጋኑ የማን እንደ ነበረ ብጠይቀው «የተዋሰልን ልጅ አለ» አለኝ።

ክርክሩን የጀመረው ወዳጄ ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦታል። «መካከለኛ» ያልኩትን ወደ «ዝቅተኛ» እንድለውጠው ለምኖኝ ነበር፤ አልለወጥኩም።