ሴት ኃላፊ መኖሯ የሴት ሠራተኞችን ደመወዝ ያስተካክላልን?

በአንድ ድርጅት ሴት ኃላፊዎች ሲበዙ በወንድና በሴት ሠራተኞች ደመወዝ መካከል ያለው ልዩነት ይቀንሳልን? ብዙዎቻችን «አዎን» ለማለት እንቸኩላለን። ሁለቱ አብረው ቢታዩ እንኳ ነገሩ አላለቀም፤ ቀድሞውኑ ለእኩልነት የሚጨነቅ ድርጅት ሴቶችንም ሾሞ፣ ደመወዙንም አስተካክሎ ሊሆን ይችላል። በቤተ ሙከራ ቢሆን ሌላውን ሁሉ ባለበት አቆይተን አንዱን ብቻ እንለውጥ ነበር።

ለዚህ የሚቀርብ ሙከራ፣ ሙከራ ይሁን ተብሎ ባይሆንም፣ በኖርዌይ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ በትልልቅ የአክሲዮን ኩባንያዎች ቦርድ ውስጥ የእያንዳንዱ ጾታ ድርሻ ቢያንስ 40 በመቶ እንዲሆን ደነገገ። በጊዜው የሴቶቹ ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነበር። ሕጉን እስከ 2008 መጀመሪያ ያልፈጸመ ኩባንያ እስከ መፍረስ የሚደርስ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። እንግዲህ ለውጡ የኩባንያዎቹ ምርጫ ሳይሆን ከውጭ የመጣ ነው።

ማሪያን በርትራንድና ሦስት ባልደረቦቻቸው ውጤቱን መርምረው በ2019 አሳተሙ። በቦርድ አባላቱ መካከል የነበረው የገቢ ልዩነት ቀንሷል። «ብቃት ያላቸው ሴቶች አይገኙም» የተባለውም ስጋት ከንቱ ሆኗል፤ አዲሶቹ ከቀደሙት ሴቶች የተሻለ ብቃት ነበራቸው። ከቦርዱ በታች ለሚሠሩት ሴቶች ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየም። እኔ ተቃራኒውን ጠብቄ ነበር።

የቦርድን አሠራር ለሚያውቅ ነገሩ ያን ያህል እንቆቅልሽ አይደለም። ቦርድ ዋና ሥራ አስኪያጅ ይሾማል፣ ይቆጣጠራል፤ የአንዲትን የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ አይቆርጥም። በኖርዌይ የአብዛኛው ሠራተኛ ደመወዝ መሠረት የሚጣለው በማኅበራትና በአሠሪዎች ድርድር ነው።

ከዚህ ጋር በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሆነውን አነጻጽሩ። በ1994 በሳይንስ ፋኩልቲው ቋሚ ሹመት የነበራቸው 194 ወንዶችና 15 ሴቶች ነበሩ። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዋ ናንሲ ሆፕኪንስ ሜትር ይዘው የላቦራቶሪዎችን ወለል ለኩ፤ ለሴቶቹ የተሰጠው ቦታ አንሶ ተገኘ። ሴቶቹ ተባብረው አቤት አሉ፤ በተቋቋመው ኮሚቴም ገብተው መረጃውን መረመሩ። የደመወዝ ልዩነትም ተገኘ፤ ማስተካከያም ተደረገ። ዲኑ ሮበርት በርዠኖ ወንድ፣ ያውም የፊዚክስ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ፊታቸው፣ ሥልጣኑም እጃቸው ላይ ነበር።

በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደመወዝ በደረጃና በእርከን የተወሰነ ስለሆነ፣ ልዩነት በዋናነት የሚገባው በእድገት በኩል ነው። ጥያቄውን በተቋማችሁ መመርመር የምትሹ ተማሪዎች በእያንዳንዱ ደረጃ ስንት ወንድና ስንት ሴት እንዳለ በሰንጠረዥ አስፍሩ፤ ከጎኑም በእድገት ኮሚቴው የተቀመጡትን ሴቶች ቁጥር ጻፉ።