በወሬ የሚባረር ወታደር



የምዕራብ አገሮች ግብረ ሰዶማውያን ራሳቸውን ሳይደብቁ በጦር ሠራዊት እንዲያገለግሉ መፍቀዳቸው በእኛ ዘንድ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ለመሳቂያ ወይም ለመራገሚያ ነው። እኔ በምኖርበት በአቃቂ ቃሊቲ ግን ጉዳዩን በቁም ነገር የጠየቁኝ ወጣቶች አሉ። ወንድሞቻቸውና ጓደኞቻቸው መከላከያ ሠራዊት የገቡ ናቸው። ጥያቄያቸውም «በካምፕ ውስጥ አንድ ልጅ እንዲህ ነው ተብሎ ቢወራበት ሕጉ ምን ይላል? ዲናችንስ ምን ያዘናል?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከፌዝም ከእርግማንም የተሻለ መልስ ይገባዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሌሎችን ልምድ፣ ቀጥሎ የአገራችንን ሕግ፣ በመጨረሻም የሸሪዓውን መሠረት በቅደም ተከተል እንመልከት።

«አትጠይቅ፣ አትናገር»

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ግብረ ሰዶማውያን እንዳያገለግሉ ለረጅም ዘመን ተከልክሎ ነበር። ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ክልከላውን እንደሚያነሱ ቃል ገቡ። ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ኮሊን ፓውልና በምክር ቤቱ ውስጥ ሴናተር ሳም ነን ተቃወሟቸው። በ1993 የተገኘው መካከለኛ መንገድ «አትጠይቅ፣ አትናገር» ተባለ። አዛዡ ወታደሩን ስለዚህ ጉዳይ አይጠይቀውም፤ ወታደሩም ስለ ራሱ አይናገርም። ከተናገረ ይሰናበታል።

የመካከለኛው መንገድ ውጤት ምን ሆነ? ደንቡ በሥራ ላይ በቆየባቸው 17 ዓመታት ገደማ ከ13,000 በላይ ወታደሮች ተባረሩ። አገሪቱ በአፍጋኒስታንና በኢራቅ በምትዋጋበት ጊዜ እንኳ ዐረብኛ የሚያውቁ አስተርጓሚዎች ሳይቀሩ በዚህ ምክንያት ተሰናብተዋል። «አትጠይቅ» የተባለው ትእዛዝም ጥርጣሬን አላስቀረም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 በኬንታኪ ግዛት በሚገኘው ፎርት ካምቤል ሰፈር ባሪ ዊንቼል የተባለ ወጣት ወታደር በወሬና በስድብ ሲሰደብ ከቆየ በኋላ፣ በተኛበት የገዛ ባልደረባው በዱላ ቀጥቅጦ ገደለው። ጠላት ያልገደለውን ወታደር የሰፈሩ ሐሜት በላው።

ደንቡን የሚሽረው ሕግ በታኅሣሥ 2010 ተፈርሞ ከመስከረም 20 ቀን 2011 ጀምሮ ክልከላው ቀረ። እንግሊዝ ደግሞ በ1999 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ከፈረደባት በኋላ በጥር 2000 የራሷን ክልከላ አንስታለች፤ በ2023ም ጠቅላይ ሚኒስትሯ ለተባረሩት ወታደሮች ይቅርታ ጠይቀዋል። ክልከላው ከተነሳ ሠራዊቱ ይፈርሳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ በሁለቱም አገሮች ሠራዊቱ አልፈረሰም።

የእስላሙ ዓለምስ? ቱርክን እንውሰድ። በቱርክ የውትድርና አገልግሎት ግዴታ ነው። ግብረ ሰዶማዊ ነኝ ያለ ግን እንደ በሽተኛ ተቆጥሮ ነፃ ይደረጋል። አስመስሎ እንዳይሆን ሲባል ለዓመታት ወጣቶች አሳፋሪ የሰውነት ምርመራ ይደረግባቸው፣ አልፎ ተርፎም ፎቶግራፍ እንዲያቀርቡ ይጠየቁ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ሐያእ የእምነት ክፍል ነው ብሎ በሚያምን ሕዝብ መካከል መንግሥት የዜጋውን ነውር በፎቶግራፍ አምጣ ማለቱ ምን ዓይነት ሥነ ምግባር ማስከበር ነው?

የአገራችን ሕግ

በኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን የተካው በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ግብረ ሰዶምን ይከለክላሉ። የአሁኑ ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 630 ደግሞ በሥልጣኑ ወይም በኃላፊነቱ ተጠቅሞ ሌላውን ለዚህ ድርጊት የዳረገ ሰው ቅጣቱ እንዲከብድበት፣ በኃይልና በማስፈራራት የፈጸመም በጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። የሃይማኖት መሪዎች፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ በ2001 ዓ.ም. ክልከላው በሕገ መንግሥት ጭምር እንዲደነገግ በጋራ ጠይቀው ነበር። እንግዲህ ይህ ሕግ ባለበት አገር «በግልጽ ያገልግሉ ወይስ አያገልግሉ» የሚለው የአሜሪካኖች ክርክር እንዳለ ሊነሳ አይችልም። በግልጽ የተናገረ ሰው በራሱ ላይ ምርመራ ይጠራልና።

ነገር ግን ሕጉን አስተውለን እናንብበው። የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ዝንባሌን፣ አረማመድን፣ የድምፅ ቅጥነትን ወይም ሳያገቡ መቆየትን አይቀጣም። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወቱን ይጠብቃል። ወታደር የደንብ ልብስ ሲለብስ እነዚህን መብቶች ከካምፑ በር አውልቆ አይገባም። በአሜሪካ ደንብ ሰው በንግግሩ ብቻ ይባረር ነበር። በእኛ አገር ሕጉ ያላለውን ወሬው ይጨምርበታል፤ ያልተናገረውም በሰው አፍ ይፈረድበታል።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ኢስላም ይህን ድርጊት ሐራም እንዳደረገው፣ የነቢዩ ሉጥ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦችም ታሪክ በቁርኣን በተደጋጋሚ እንደተወሳ ማንኛችንም እናውቃለን። በዚህ ላይ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። ብዙ ጊዜ የምንረሳው ሌላውን ግማሽ ነው።

ይኸው ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ምእመናን ከብዙ ጥርጣሬ እንዲርቁ፣ አንዱ የሌላውን ነውር እንዳይሰልል፣ እንዳይተማማም ያዛል። በሱረቱ ኑር ደግሞ ጨዋዎችን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው 80 ጅራፍ እንዲገረፍ፣ ምስክርነቱም ከዚያ በኋላ ተቀባይነት እንዳይኖረው ይደነግጋል። ሰውን በግብረ ሰዶም መወንጀልስ በዚሁ ይታያልን? አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት፣ ማለትም የማሊክ፣ የሻፊዒይና የአሕመድ መዝሀቦች፣ አዎን ይታያል ብለዋል። አቡ ሐኒፋ የተለየ አስተያየት ቢኖራቸውም ወንጃዩ በዳኛ ውሳኔ እንዲቀጣ እንጂ በነፃ እንዲሄድ አላደረጉም። ሊቃውንቱ በልብ የሚመጣን ስሜትና በአካል የተፈጸመን ድርጊትም ለይተው አይተዋል፤ ሰው ታግሎ ላልፈጸመው ነገር አይጠየቅም።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በሌሊት የአንድን ሰው አጥር ዘለው ገብተው በመጠጥ ላይ ቢያገኙት፣ ሰውየው «እኔ አንድ ስሠራ አንተ በመሰለልህ፣ በበሩ ባለመግባትህና ሳታስፈቅድ በመግባትህ ሦስት ሠርተሃል» የሚል ፍሬ ነገር ያለው መልስ እንደሰጣቸውና ዑመርም ትተውት እንደወጡ ይተረካል። ያ ሰው በእጅ የተያዘ ነበር። እኛ ደግሞ ያላየነውን እንደያዝን አድርገን እናወራለን።

ካምፕ ቤት አይደለም የሚሉ

አንዳንድ ወንድሞች «ካምፕ የግል ቤት አይደለም፤ ወጣቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ይተኛሉ፣ አብረው ይታጠባሉ፤ ስለዚህ ጥርጣሬም ቢሆን በቂ ነው» ይላሉ። ስጋታቸውን አልንቀውም። በካምፕ ውስጥ ጁኒየሩን ወታደር የሚያስገድድ አዛዥ ወይም ባልደረባ ቢኖር ከባድ ወንጀል ነው፤ አንቀጽ 630 የተጻፈውም ለእንዲህ ያለው ነው። ነገር ግን ያን ወንጀለኛ የሚያስይዘው የተበደለው ልጅ ደፍሮ አቤት ሲል ነው። «እሱም እንደዚያ ነው» መባልን የሚፈራ ልጅ ደግሞ አቤት አይልም። ሐሜቱ ሲበረታ የሚጠቀመው አስገዳጁ ነው። እንዲሁም «ስምህን አጠፋለሁ» ብሎ ገንዘብ ወይም አገልግሎት የሚጠይቅ ቀማኛ የሚያድገው በዚሁ ፍርሃት ላይ ነው።

የወታደር ምግባር መለኪያ ለሁሉም አንድ መሆን አለበት። ሴት ወታደርን ያስገደደ፣ ወንድ ወታደርን ያስገደደ፣ በሰላም ማስከበር ዘመቻ ላይ የአገሩን ሰው የደፈረ፣ ሁሉም በማስረጃ ይጠየቅ። ልጆቻችን በሶማሊያ የዘመቱት ከልዩ ልዩ አገር ሠራዊት ጋር ነው፤ እዚያም ወታደር የሚመዘነው በሠራው እንጂ በተወራበት አይደለም።

እኛ ሙስሊሞች ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው ከጠየቁት አንዱ በመንግሥት ሥራ እኩል መሳተፍ ነበር። ሁለቱን ነገሮች አንድ እያደረግሁ አይደለም፤ የአባቶቻችን ጥያቄ የእምነት ነበር፣ ይህኛው ደግሞ ዲናችን ወንጀል ያለው ድርጊት ነው። ሆኖም ሰው በሥራው ሳይሆን «እንዲህ ያለ ነው» በሚል ስም ብቻ ከአገር አገልግሎት ሲገፋ ምን እንደሚሰማው የምናውቅ ሰዎች፣ በስም ብቻ ለመግፋት ልንቸኩል አይገባንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከሠራዊቱ በወሬ ተባሮ ወደ አቃቂ የሚመለስ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው አስቡት። ለምን እንደተመለሰ ለእናቱ ሊነግር አይችልም። ሥራ ሲፈልግ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ሚስት የሚሰጠው አያገኝም፤ እህቶቹም ይታሙበታል። ወሬው ሐሰት ቢሆን የአላህን ፊት የሚያየው ማን ነው?

ለጠየቁኝ ወጣቶች የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ድርጊቱን ዲናችን ከልክሎታል፤ የአገሩም ሕግ ከልክሎታል። ሰውየውን ግን ያለ ማስረጃ መወንጀልን፣ መሰለልን፣ መደብደብን፣ ማስፈራራትንም ሁለቱም ከልክለዋል። በካምፕ ወሬው ሲነሳ የሰማችሁ እንደሆነ አትቀበሉ፣ አታቀብሉ። የተገደደ ካለ አቤቱታውን ለሚመለከተው ክፍል እንዲያቀርብ አግዙት። ሊደበደብ የተከበበ ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አስጥሉት። ግፍን መከላከል ከተበዳዩ ማንነት ጋር የተያያዘ ግዴታ አይደለምና።

ወላሁ አዕለም።