ሂሳቡ ሲመጣ

ባለፈው ስንገናኝ “ስለ ሰርቪስ ቻርጅና ስለ ቲፕ አንድ ነገር ጻፊልን” ብላችሁኝ ነበር። እሺ ያልኩት አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ በዚሁ ነገር አንድ ጊዜ በሰው ፊት ስላፈርኩ ነው። መደበቅም አልችልም፣ ግማሾቻችሁ አብራችሁኝ ነበራችሁ።

አምና በነሐሴ ነው። ስድስት ዓመት አብራን የቆየች እህታችን ኮንትራቷን ጨርሳ ለሁልጊዜው ወደ አገር ልትገባ ሆነ። እንደ ወትሮው በከረክ ሻይና በሳንቡሳ ልንሸኛት ከበደን። ስለዚህ እዚሁ ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ገባን። ስሙ ይቅር። ተሸኚዋን ሳንቆጥር አምስት ነን፤ ሃምሳ ሃምሳ ድርሃም አዋጣን፣ 250 ሆነ። ስናዝ ከሜኑው ላይ ዋጋውን እየደመርን ስለነበር 245 እንደሚመጣ አውቀናል። በላን፣ ተጫወትን፣ አስተናጋጁን ፎቶ አንሳን አልነው። ኔፓላዊ ልጅ ነው፣ ሳይሰለች አሥር ጊዜ አነሳን።

ሂሳቡ በጥቁር ማህደር ሆኖ መጣ። 245 ይላል። ከሥሩ ግን ሌላ ሦስት መስመር አለ፦ ሰርቪስ ቻርጅ 20፣ የማዘጋጃ ቤት 14፣ ቫት 11። አንዷ ቶሎ ደምራ “290 ሊያስከፍሉን ነው እኮ!” አለች። ልጁ መጥቶ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳን ግማሹ ገባን፣ ግማሹ አልገባንም። 245 ብቻ መሆኑን ስንረዳ ደግሞ ሁለተኛው ክርክር ተነሳ። አንዷ “20 ድርሃም ሰርቪስ ወስደዋል፣ ከዚህ በኋላ አምስት ሳንቲም አልጨምርም” ትላለች። ተሸኚዋ “ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሲያስተናግደን አምስት ድርሃም ጥለን ልንወጣ ነው? እኔስ አፍራለሁ” ትላለች። ድምፃችን ከፍ አለ። ከጎናችን የተቀመጡት ዞረው አዩን። ልጁ ራቅ ብሎ ብርጭቆ መጥረግ ጀመረ፤ ቋንቋችንን ባያውቅም ስለሱ እንደምንጨቃጨቅ ገብቶታል።

እኔ ነገሩን ለማብረድ ብዬ ለመንገድ የያዝኳትን 20 ድርሃም አውጥቼ ማህደሩ ውስጥ ከተትኩ። ከሜትሮ ወርጄ አውቶቡስ የምይዝበት አልነበረኝም፤ በነሐሴ ሙቀት በእግሬ ገባሁ። ዘገየሁ። ማዳም የሚቀጥለውን እሁድ እረፍቴን ከለከለችኝ። የ20 ድርሃሟ ዋጋ ይህ ነው። ደመወዜ ያኔ 1,200 ነበር፣ ለሠላሳ ቀን ስታካፍሉት በቀን 40፣ እንግዲህ ግማሽ ቀን የሠራሁበት መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አንድ በአንድ መጠየቅ ያዝኩ። የመጀመሪያው ትምህርት ሜኑው መጨረሻ ላይ፣ በጣም በደቃቁ የተጻፈችውን መስመር ማንበብ ነው፤ ያውም ከማዘዝ በፊት። ሁለት ዓይነት ናት። ወይ “ዋጋው ሁሉን ያጠቃልላል” ትላለች፣ ወይ “በዋጋው ላይ ይጨመራል” ትላለች። የእኛ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ምግቡ በእውነተኛው ዋጋ 200 ነው፤ 10 በመቶ ሰርቪስ 20፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት 14፣ 5 በመቶ ቫት ደግሞ 11። ቫቱ ለምን 10 አልሆነም ብትሉ፣ በሰርቪሱ 20 ላይም ስለሚታሰብ ነው። ድምሩ 245። ከሥር የተጻፉት ቁጥሮች 245ቱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ይናገራሉ እንጂ እንደገና አይደመሩም። ሁለተኛው ዓይነት ቢሆን ግን ሜኑው ላይ 200 አይታችሁ 245 ትከፍላላችሁ። 200 ይዞ የገባ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚዋረደው።

ከእነዚህ ሦስት መስመሮች ሁለቱ ለመንግሥት የሚሄዱ ናቸው፣ አስተናጋጁ አያያቸውም። ቫት እዚህ አገር የተጀመረው በፈረንጆች ጥር 2018 ነው። የማዘጋጃ ቤቱም በዱባይ ሆቴሎች በፊት 10 በመቶ ነበር፣ በዚያው ዓመት ወደ 7 ወረደ። በአገራችንም እኮ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ይጨምራሉ። እኛ ግን በአገራችን እነዚያ ሆቴሎች ገብተን ስለማናውቅ ነገሩን መጀመሪያ ያየነው በሰው አገር ነው።

የቀረው ሰርቪስ ቻርጅ ነው፣ እኔን ያሳሰበኝም እሱ። ሰርቪስ የሚለው ቃል “ላገለገለሽ ሰው” የሚል ይመስላል። ሌላ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት የምትሠራ አንዲት የአገራችንን ልጅ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። “ሰርቪሱ የቤቱ ነው። አንዳንዱ ቤት ለሠራተኛ ያካፍላል፣ አንዳንዱ ከፊሉን ያካፍላል፣ የኛ ቤት ጭራሽ አሳይቶንም አያውቅ” አለችኝ። ጠረጴዛ ላይ የሚተው ቲፕ ደግሞ እሷ ጋ በሳጥን ይሰበሰባል፣ በወሩ መጨረሻ ወጥ ቤት ያሉትና ሰሃን አጣቢው ሳይቀሩ ይካፈሉታል። እኔ እስከዚያ ቀን ሰሃን አጣቢውን አስቤው አላውቅም፤ ራሴ ቀኑን ሙሉ ሰሃን እያጠብኩ!

ስለዚህ ያቺ “ሰርቪስ ወስደዋል” ያለችው ልጅ አልተሳሳተችም፤ ከኪሳችን 20 ድርሃም ወጥቷል። ተሸኚዋም አልተሳሳተችም፤ 20ው ለልጁ መድረሱን ማንም አላረጋገጠልንም። ሁለቱም ያላደረጉት መጠየቅን ነው። አጠያየቁ ቀላል ነው፣ “ሰርቪስ ኢንክሉድድ?” ወይም በዓረብኛ “አል ኺድማ ማህሱባ?” ማለት ይበቃል። (“ሂሳብ” የሚለው ቃላችንም የእነሱው ነውና “አል ሂሳብ” ካላችሁ ወረቀቱ ይመጣላችኋል።) ሰርቪሱ ለእናንተ ይደርሳል ወይ ብሎ አስተናጋጁን መጠየቅም ነውር የለውም፣ ግን አለቃው አጠገቡ ሲቆም አትጠይቁት።

አሁን ወደ ቲፕ። በአማርኛችን ጉርሻ እንለዋለን፣ እንጀራውን ጠቅልለን በእጃችን ለሰው የምናጎርሰውም ጉርሻ ነው። ለሚጎርሰው ሰው በመቶኛ አስልቶ የሚያጎርስ አላየሁም። በወረቀት ላይ “ይህን ያህል ስጪ” ተብሎ ታትሞ ሲመጣ የሚያስደነግጠን ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን ያየሁት ክረምት ላይ አሠሪዎቼ ልጆቹን እንድጠብቅ ለንደን ይዘውኝ ሲሄዱ ነው። ከእናንተም የሄዳችሁ አላችሁ። እዚያ ብዙ ምግብ ቤት 12.5 በመቶ ሰርቪስ ሂሳቡ ላይ አስቀድሞ ይጨምርና አጠገቡ “በፈቃድ” የሚል ቃል ይጽፋል። በፈቃድ ማለት አንሺልኝ ካልሽ ይነሳል ማለት ነው። ባባ አንድ ቀን ምግቡ ዘገየ ብሎ አስነሳው፣ አስተናጋጇም ያለምንም ክርክር ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች። ቅር እንዳላት ግን ፊቷ ላይ አየሁ። ከጥቅምት 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የወጣ ሕግ አለ፤ ባለቤቱ የሚሰበስበውን ቲፕም ሆነ ሰርቪስ ቻርጅ ምንም ሳይቀንስ ለሠራተኞቹ እንዲያደርስ ያስገድዳል። ይህን ሳነብ ለኔፓላዊው ልጅ እንዲህ ዓይነት ሕግ ባለው ብዬ አሰብኩ።

አሜሪካ ደግሞ ሌላ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደረሰኝ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከሥሩ 18 በመቶ ይህን ያህል፣ 20 ይህን ያህል፣ 22 ይህን ያህል ብሎ አስልቶ አስቀምጧል። ይህ ሐሳብ ማቅረብ ነው እንጂ ዕዳ አይደለም፤ ሌላ ቁጥር መጻፍ ይቻላል። አንዳንዴም ግብሩ ከተደመረበት ላይ ስለሚያሰሉት ከፍ ይላል፣ ከግብሩ በፊት ባለው ላይ ራስሽ አስዪው ትላለች። ነገር ግን እዚያ ምንም ሳይሰጡ መውጣት ከባድ ነው። ምክንያቱም የፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፣ ይህም ከ1991 ጀምሮ አልተለወጠም። ቲፑ ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ካልሞላ አሠሪው መሙላት አለበት። ከዚያ የተሻለ የሚያስከፍሉ ስቴቶች አሉ። ያም ሆነ ይህ እዚያ ቲፕ የአስተናጋጇ ደመወዝ ሆኗል ማለት ነው። እዚህ ቲፕ በልማድ እንጂ በሕግ የደመወዝ ቦታ አልያዘም፤ ስለዚህ የአሜሪካን ቁጥር በቴሌቪዥን አይታችሁ እዚህ 20 በመቶ ልስጥ አትበሉ።

ታዲያ ስንት እንስጥ? የእኔን ልንገራችሁ፣ አስገዳጅ አይደለም። ከረክ የምንጠጣበት ካፍቴሪያ ምንም አይጠበቅም። ዴራ ያሉት የሐበሻ ቤቶች ከሆነ መልሱን ትቼ እወጣለሁ፣ በዛ ካለ 5 ድርሃም። ሂሳቡ ላይ ሰርቪስ ካለ፣ ለጠረጴዛው በሙሉ ከ5 እስከ 10 ይበቃል፤ ከሌለ ወደ 10 በመቶ እጠጋለሁ። 10 በመቶ ለማግኘት የመጨረሻዋን ቁጥር በነጥብ መለየት ነው፦ 130 ከሆነ 13.0፣ 13 ድርሃም። 5 በመቶ የዚያ ግማሽ ነው። ዋናው ግን ገንዘብ ሲዋጣ ቲፑ አብሮ ይዋጣ! ለስድስት ሰው 250 አዋጥቶ 245 ማዘዝ የእኛ ጥፋት ነበር። በካርድ የምትከፍሉም ማሽኑ ላይ ቁጥሩን አይታችሁ ፒኑን አስገቡ።

አሁን ደግሞ እኛ ራሳችን ተቀባይ ስለምንሆንበት ጉዳይ። በኢድ እንግዳ ሲበዛ፣ ሲሄዱ 50ም 100ም በእጃችን የሚያስይዙን አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የማዳም አክስት 100 ድርሃም ሰጠችኝ። ማዳም በዚያ ወር 1,100 ከፈለችኝና “መቶዋን ተቀብለሻል” አለችኝ። ዝም አልኩ። ሁለት ወር አንገበገበኝ። በሚቀጥለው በዓል ሌላ እንግዳ 50 ሲሰጠኝ ደብተሬ ላይ ቀኑን፣ ሰጪዋንና ገንዘቡን ጻፍኩ። ደመወዝ ቀን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ውሉን ይዤ “ማዳም፣ እዚህ የተጻፈው 1,200 ነው፣ የእንግዳዋ ግን ስጦታ ነው፣ ከአንቺ አልተቀበልኩትም” አልኳት። ቆየችና 1,200ውን ቆጠረች። የመጀመሪያዋ መቶ ግን አልተመለሰችም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ደመወዝ ማለት ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ነው። በ2022 የወጣው የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግም በየወሩ፣ ቢዘገይ ከ10 ቀን ሳያልፍ እንዲከፈል ያዛል። እንግዳ በሰጠው አይጎድልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይህን አደራ አንብቡት። እንግዳ ገንዘብ ሲያስይዛችሁ ደብቃችሁ አትግቡ። እዚያው እንግዳዋ ሳትወጣ “ማዳም፣ ይህን ሰጡኝ” ብላችሁ አሳዩ። የእኔ ቢጤ አንዲት ልጅ፣ ፍራሿ ሥር 200 ድርሃም ተገኝቶ “ከየት አመጣሽው?” ተባለች። የሰጣት ሰው አገሩ ተመልሷል። ስልክ ተደውሎ እውነቱ እስኪታወቅ ሦስት ቀን ሌባ ተብላ አለቀሰች። በፊታቸው ያሳያችሁት ብር ይህን ጥያቄ አያመጣም። ማዳም “እኔ ላስቀምጥልሽ” ብትልም ደብተራችሁ ላይ ይጻፍ፣ ቢቻል እሷም ትፈርምበት።

ከቤት ያላችሁን የቆዩ ደረሰኞች በሚቀጥለው እሁድ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነባቸዋለን። የእኔ የዚያ ቀን ወረቀት ቀለሙ ለቅቋል፣ 245 የምትለዋ ቁጥር ብቻ ትታያለች፤ እሷንም አመጣታለሁ።