ለአንጀት ሕመም የድብርት መድኃኒት ለምን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሆዴን እየቆረጠ ያስቀምጠኛል። አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት ሕመም ነው ተብሎ አሚትሪፕቲሊን ታዘዘልኝ። የድብርት መድኃኒት መሆኑን ስሰማ ግን ደነገጥኩ። ልውሰደው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐኪምዎ «ሕመምዎ የሐሳብ ነው» ማለታቸው አይደለም። በአይቢኤስ የአንጀት ነርቮች ለትንሹም ለትልቁም ወደ አንጎል የሕመም መልእክት ይልካሉ። መድኃኒቱ ይህን ያበርዳል፤ የአንጀትን እንቅስቃሴም ስለሚያዘገይ ለተቅማጥ ይረዳል። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ጥቅሙን አሳይቷል። አብዛኛውን ጊዜ ማታ በ10 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ይህ ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው። ለውጡ ጥቂት ሳምንታት ስለሚወስድ ይታገሡ። የአፍ መድረቅ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና የሆድ ድርቀት ሊያስከትል ይችላል። የልብ ሕመም ወይም ግላኮማ ካለብዎ፣ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሰገራዎ ደም ከቀላቀለ ወይም ያለ ምክንያት ከከሱ ሳይዘገዩ ይመርመሩ።